የባለ ሕንፃው ሰዓቶችና የክዳናቸው ጉድ

ሰዓት ሠሪዋን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ቢባል፣ መልሱ በገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ ትንፋሽ ያስወጣታል። ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ይዛ ቀዳዳዋ ውስጥ እስክታስቀምጥ መተንፈስ የለም፤ ሳትተነፍስ የምትውለው ቢጠራቀም ዓሣ ያስቀናል። ቀጥሎ ጉልበት ያስወጣታል። ከጠረጴዛ ተፈናጥራ የጠፋች ሞላ ፍለጋ ወለሉ ላይ ስትድህ፣ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ "ዛሬ ደግሞ ማንን እየለመንሽ ነው?" ይላታል። ዓይኗ ላይ የምትሰካው ማጉያ መነጽር ክብ ምልክት ስለሚተውባት፣ ማታ ቤት ስትገባ የአራት ዓመት ልጇ "እማዬ፣ ዛሬም ብርጭቆ ነከሰሽ?" ትላታለች። ከሁሉ በላይ ግን ትዕግሥት ያስወጣታል። ትዕግሥቷን የሚጨርሱት ደግሞ ደንበኞች አይደሉም፤ አጎቷ ናቸው።

አጎቷ አሳድገዋታል፣ ሙያውንም አስተምረዋታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወረንጦውን አስረከቧት፤ ምላሳቸውን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። ሱቃቸው የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠ ነው። በሩ ጋ ጣሪያው ለረጅም ሰው ይበቃል፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ዝቅ እያለ ሄዶ አጎቷ በሚቀመጡበት ጥግ ከራስ ቅላቸው ጋር ይሳሳማል። ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ስለሚረግፍ፣ ከመሥሪያው ጠረጴዛ በላይ አሮጌ ጃንጥላ ዘርግተው ሰቅለዋል። እንግዳ ሰው "ቤት ውስጥ ይዘንባል እንዴ?" ሲል፣ አጎቷ "ሰው ይዘንባል" ብለው ይመልሳሉ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የክዳኑ ልማድ ነው። ሰዓት ሠሪ በሞላ የሚሄድ ሰዓት ከፍቶ ካጸዳ በኋላ፣ ቀጣዩ ሠሪ እንዲያውቅ ብሎ የጀርባ ክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀኑንና ምልክቱን በሹል መርፌ ይጭራል። ፊደሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያለ ማጉያ አይነበብም። ባለቤቱም የሰዓቱን ጀርባ ከፍቶ የማየት ሐሳብ አይኖረውም። አጎቷ ግን ቀን ብቻ መጻፍ አልጣማቸውም።

"ቀን ብቻማ መቃብርም አለው" ይላሉ። "ቀጣዩ ሠሪ ሰዓቱ ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደሚኖር ማወቅ አለበት።"

ስለዚህ ከቀኑ ሥር ስለ ባለቤቱ አንዲት መስመር ይጨምራሉ። ብዙ የተጻፈበት ደግሞ የሕንፃው ባለቤት ነው። ሰውየው ውድ የእጅ ሰዓት ይሰበስባል፤ ሁሉም በሞላ የሚሄዱ ናቸው፣ ባትሪ የሚባል ነገር ደጁን አይረግጥም። በየጊዜው አንዱን ይዞ የሱቁ በር ላይ ይቆምና "ትንሽ ይዘገያል መሰለኝ" ብሎ ይሰጣቸዋል፤ ጎንበስ ብሎ ግን ገብቶ አያውቅም። አጎቷ ሰዓቱን ከፍተው ሲያዩ ጤነኛ ነው። አጽድተው፣ ዘይት ነክተው፣ ክዳኑ ላይ "ሰዓቱ ትክክል ነው፤ የሚዘገየው ሰውየው ነው" ብለው ይጭራሉ። በሌላኛው ላይ "ሰላምታ ይቆጥባል" ብለዋል። በሌላኛው "ፀጉሩን ጥቁር ቀብቶ ቅንድቡን ረስቷል"። በሌላኛው "ሳቁ በውሰት ነው"፤ ያኔ ሰውየው እንግዶቹ ካልሳቁ አይስቅም ነበርና። የቅርብ ጊዜዎቹን የጻፈችው ሰዓት ሠሪዋ ናት። አጎቷ "ጻፊ!" ይላሉ፤ እሷ "ኧረ ይተዉ ጋሼ" ትላለች፤ ከዚያ ትጽፋለች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ "የደረጃው ሥር አምፖል ከተቃጠለ ቆየ" እና "ደረጃ ሲወጣ ሆዱ ይቀድማል" የሚሉ ነበሩ።

የሚገርመው፣ አምፖሉ ሰዓቱ በተመለሰ በሳምንቱ ተቀየረ። ቅንድቡም ድሮ እንዲሁ በአንድ ጀምበር ጠቁሮ ነበር። "ሰላምታ ይቆጥባል" ከተባለ ወዲህማ የጽዳት ሠራተኛዋን እንኳ ሳይጠይቅ አያልፍም። ሰዓት ሠሪዋ ይህን ሁሉ አይታ "ሰው ሲበስል እንዲህ ነው" ብላ አለፈችው።

አንድ ቀን ጠዋት ባለ ሕንፃው በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ግን የሚታደስ ሰዓት አልነበረም።

"ሰዓቶቼ በሙሉ እንዲገመገሙልኝ እፈልጋለሁ" አላት። "ዲዛይናቸውም፣ የእጅ ሥራቸውም። ከእናንተ በላይ ሆዳቸውን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ፎቶ አንሺ ይመጣል፤ ፊታቸውን፣ ጀርባቸውን፣ ክዳናቸውንም ከፍቶ ያነሳል። መጽሐፍ ላሳትም ነው።"

"ክዳናቸውን?" አለች ሰዓት ሠሪዋ፤ ድምጿ ከሞላው ቀጠነ።

"ክዳናቸውን። ሌላም ነገር አለ። ሊፍት ላስገባ አስቤያለሁ። መሐንዲሱ የሚመቸው እዚህ ጋ ነው ብሏል" አለና ጣሪያቸውን በጣቱ አሳየ። "ገና አልወሰንኩም። ግምገማው ሲያልቅ እንነጋገራለን።"

ሲሄድ ከላይ ትንሽ አቧራ ረገፈ። ሰዓት ሠሪዋ በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች። ይህች ጠባብ ሱቅ እንጀራዋ ናት። ልጇ የምትማርበት ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ በምሳ ሰዓት ሮጣ ደርሳ፣ አጉርሳ ትመለሳለች። ሌላ ቦታ ይህን ሁሉ አታገኝም። የሱቁ ዕጣ ሰውየው አፍ ላይ ነው፤ የሰውየው ስም ደግሞ እነሱ መርፌ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ጉዳችን ፈላ።"

"የማን ጉድ?" አሉ አጎቷ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። "እኔ የጻፍኩት እውነት ነው።"

"እውነቱን የጻፉት በሰው ደረጃ ሥር ተቀምጠው ነው!"

"ግማሹ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው።"

"እርስዎ ጻፊ ብለውኝ!"

"ገደል ግቢ ብልሽስ ትገቢ ነበር?"

"አሁን የገባሁት የት መስሎዎት ነው?"

አጎቷ ሳቃቸው መጣና ሻዩ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከመሳቢያዋ ብረት የምትወለውልበትን ቅባት አወጣች፤ በልጇ ባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ሞላችው። ፎቅ ወጥታ ስትገመግም ባለቤቱ ዘወር ባለ ቁጥር አንድ አንዱን ልታጠፋ ነው።

"አንዲት ፊደል ብትነኪ" አሉ አጎቷ፣ "ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ።"

"ከዚህ ካስወጡን ቀብርዎም ቢሆን ጎዳና ላይ ነው፤ መቆሜ አይቀርም" ብላ ቆርቆሮዋን ኪሷ ከታ ወጣች።

የባለ ሕንፃው ክፍል የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። እሱ ከፊት ከፊት እየወጣ በየፎቁ እያረፈ፣ ለማረፉም ሰበብ እየፈለገ፣ "ይህን ግድግዳ ሳላስቀባው" "ይህን መስኮት ሳላስጠርገው" እያለ ደረሱ። ሰዓቶቹ ከፋይ በለበሰ ሰፊ መሳቢያ ውስጥ ተደርድረዋል። ሰዓት ሠሪዋ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፣ ማጉያዋን ዓይኗ ላይ ሰካች፣ የመጀመሪያውን አነሳችና ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው።

"ዓይንሽ ላይ መነጽር ሰክተሽ በጆሮሽ ነው እንዴ የምታዪው?"

"ሰዓት መጀመሪያ በጆሮ ነው የሚታየው" አለች። "ልቡ ካነከሰ ፊቱ ቢያምር ምን ይሠራል?"

ሥራው ሲይዛት ፍርሃቷን ረሳችው። ፊቱ ነጭ የሆነውን ቀጭን ሰዓት አነሳችና የደቂቃውን ዘንግ አሳየችው፤ ጫፉ መስመሮቹን በስሱ ይነካል። "ዘንጉ መስመሩ ጋ ካልደረሰ ሠሪው ቸኩሏል፤ ካለፈው ደግሞ አላየም። ይኸኛው እንደ ጥሩ ጫማ ነው፤ ልክ ነው።" ፊቱ ሰማያዊ የሆነውን አነሳች። ከሩቅ ሲያዩት ዝም ያለ ሰማያዊ ነው፤ ሲጠጉት ግን በእጅ የተፈለፈሉ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ሞገዶች ብርሃኑን እያቀባበሉ ይጫወታሉ። ክዳኑን ወደ ራሷ አዙራ ከፈተችው። ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ብረት ጠርዙ ተሞርዶ መስታወት ሆኗል፤ ብሎኖቹ እሳት ላይ ተይዘው የማታ ሰማይ መስለዋል። የነበራትን ትንፋሽ ሁሉ ለቀቀችው።

"ከሁሉም ይበልጣል" አለች። "ይህን የሠራው ሰው፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው የለፋው።"

"ማንም በማያየው ቦታ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ትልቁን፣ በአልማዝ የተንቆጠቆጠውን የወርቅ ሰዓት ገፋላት። "ይህስ? ከሁሉም ውዱ ነው።"

"ውድ ነው።"

"ያምራል ወይ ነው ያልኩሽ።"

ሰዓት ሠሪዋ ሊፍቱን አሰበች፣ ልጇን አሰበች። ሆኖም ሰዓት እጇ ላይ ሆኖ መዋሸት አይሆንላትም። "ጌታዬ፣ የዚህ ሰዓት ዲዛይን የብዙ ሰው ሥራ ነው" አለች። "ችግሩ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ አልተነጋገሩም።"

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። እሷም ወዲያው "ሻይ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ጉሮሮዬ ደርቋል" አለች። ለማስመጣት ደወል ይደውላል ስትል ራሱ ተነስቶ ወጣ።

እግሩ ኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ከረሜላ ቆርቆሮዋን ከኪሷ መዥረጥ አደረገች። መጀመሪያ እጇ የገባው "ሳቁ በውሰት ነው" የሚለው ነበር። ቅባቱን በጣቷ ቀባች፣ በጨርቅ ፈተገች፣ ተነፈሰችበት፣ ደግማ ፈተገች። የአጎቷ ፊደላት እንደ ጨው ሟሙ። ወደ ሁለተኛው እጇን ስትሰድ በሩ ተከፈተ፤ ቆርቆሮዋን መልሳ ኪሷ ለመክተት እንኳ በጭንቅ ነው የደረሰችው። ሰውየው ራሱ ሻይ ይዞ ገባ፤ አስቀመጠ። ከዚያ ከጠረጴዛው መሳቢያ ከእሷ የተሻለ ማጉያ መነጽር አወጣና እንደ ለመደ ሰው ዓይኑ ላይ ሰካው። እሷ ጨርቁ ላይ የተወችውን ክዳን አነሳ፣ ወደ መስኮቱ አዘነበለው። ደግሞ ገለባበጠው።

"ያቺ የታለች?" አለ።

"ማን... ማን ጌታዬ?"

"እዚህ ጋ የነበረችው ናታ! ‹ሳቁ በውሰት ነው› የምትለዋ!"

ሰዓት ሠሪዋን ወለሉ ተሰንጥቆ ቢውጣት እስከ ደረጃው ሥር ድረስ በነጻ ትወርድ ነበር።

"አጠፋሻት?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር። "የእጅ ሥራውን ገምግሚልኝ ብዬ አመጣሁሽ፣ አንቺ ታጠፊዋለሽ? ፎቶ አንሺው ለምን የሚመጣ መሰለሽ? እነዚህን ሰዓቶች ገንዘብ ያለው ሰው ቤት ሁሉ ታገኚያቸዋለሽ። ክዳናቸውን ግን የትም አታገኚም!"

"እርስዎ... ያነቡታል?"

"አንዴ ክዳኑ ላልቶ እጄ ላይ ወለቀ። የተጫረ ነገር አየሁና በማጉያ አነበብኩ። ያን ቀን ሱቁን ላስለቅቃችሁ ተነስቼ ነበር" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ከዚያ መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድቤን አየሁ። እውነት ነበር። ለስንት ጊዜ እንዲያ ሆኜ ዞሬያለሁ! ሚስቴ ‹ያምርብሃል› ብላኛለች፤ ጸሐፊዬ ‹ወጣት ሆኑ› ብላኛለች። የነገረኝ ክዳኑ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደህናውን ሰዓት ሁሉ ‹ይዘገያል› እያልኩ ማምጣት ጀመርኩ። አምፖሉንስ ማን የቀየረው መሰለሽ?"

ሰዓት ሠሪዋ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቀስ ብላ ጠየቀች።

"ሊፍቱስ?"

"‹ደረጃ ሲወጣ ሆዱ ይቀድማል› ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም? አፈርኩ። ደረጃ ላይ ሰው እንዳያየኝ ነዋ!"

የገዛ ሱቃቸውን በገዛ መርፌያቸው ወግተውታል ማለት ነው። ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጡና በር ላይ ተጋፉ።

"አሁን ያችኑ ቃል መልሺልኝ" አለ ሰውየው ሰዓቱን እየዘረጋላት። "እንደነበረች።"

"አልችልም። የአጎቴ እጅ ናት።"

"እንግዲያው እንውረድ።"

ወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጎንበስ ያለው ግን በቂ አልነበረምና ጃንጥላውን በጭንቅላቱ መታው። የዓመታት አቧራ ተፈናጥረው ከጠፉት ሞላዎች ጋር ላዩ ላይ ተገለበጠ።

"እንዴ! ጌታዬ! ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይህ ቤትዎ ነው" አሉ አጎቷ፣ በርጩማውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

"ክዳኑ ላይ ‹እሱ› ነበርኩ" አለ ሰውየው እያስነጠሰ። "አሁን ‹እርስዎ› ሆንኩ?"

አጎቷ የእህታቸውን ልጅ አዩ። እሷ ጣሪያውን አየች። ሽማግሌው ነገሩ ገባቸው፤ ለአንድ አፍታም የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቆመ። ቢሆንም ምላሳቸው ከዚህ የባሰም አይቷል።

"ክዳን ጠባብ ነው ጌታዬ" አሉ። "አክብሮት አያስገባም።"

ሰውየው ሰዓቱን ሰጣቸው፤ ምን እንደጠፋና ምን እንዲመለስ እንደሚፈልግ ነገራቸው። አጎቷ የነጣውን ክዳን አገላበጡት፤ የእህታቸውን ልጅ ገልመጥ አደረጉ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያልመረመርኩትን አልጽፍም። ያኔ የጻፍኩት የያኔውን ሳቅ ሰምቼ ነው። እስቲ ይሳቁ።"

"ዝም ብዬ? በምን?"

በዚህ መካከል ሰውየው ፊቱን ለመጥረግ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ዞረ። አቧራው ቅንድቡ ላይ ተኝቶ፣ እነዚያን በስንት ጥንቃቄ የጠቆሩ ቅንድቦች እንደ ድሮው አንጥቷቸዋል። ከዚያ ማንም ሳይቀድመው፣ ማንም ሳያግዘው፣ ከሆዱ ሳቀ። ጃንጥላው ተወዛወዘ። ልብስ ሰፊው "ምን ተፈጠረ?" ብሎ ብቅ አለና ማን እንዳለ ሲያይ ተመልሶ ጠፋ።

አጎቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልክ ሰዓት እንደሚያዳምጡ አዳመጡ።

"መሃል ላይ አንድ ጥርስ ይዘላል" አሉ በመጨረሻ። "ግን የራሱ ነው። በውሰት አይደለም። እንግዲህ ያችን ቃል አልመልሳትም፤ ብመልሳት ውሸት ይሆናል። ይቺ ልጅ ልክ ነው ያጠፋችው፤ ሳታውቅ ነው እንጂ።"

"ባዶ ልትመልሱልኝ ነው?" አለ ሰውየው፤ ሰዓቱ ሳይሆን እሱ ራሱ ባዶ የቀረ ይመስል።

"ባዶማ አይሆንም። ጻፊ!" አሉ አጎቷ።

"ይኸኛውን ጋሼ፣ ከራሴ ነው የምጽፈው" አለች ሰዓት ሠሪዋ።

መርፌዋን አነሳች፣ ትንፋሿን ያዘች። ሁለቱ ወንዶችም አብረዋት ያዙ። ቀኑን ጫረች፤ ከሥሩ አንዲት መስመር ጨመረች። ብናኙን እፍ ብላ ክዳኑን ለባለ ሕንፃው ሰጠችው። እሱም ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"ሆዱን ደረጃ ያጎድልለታል፤ ሊፍት ግን ይዞት ይወጣል።"

ደግሞ አነበበው፤ ሁለተኛውን ለራሱ።

"ይቺ ምክር ናት ወይስ የሱቅ ጉዳይ?"

"ሁለቱም ናት" አለች ሰዓት ሠሪዋ። "ቤታችን ጠባብ ነው ጌታዬ፤ ሁለት ሥራ የማይሠራ ዕቃ አናስቀምጥም።"

መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ አልተመለሰም። አሁን በየማለዳው ከሱቁ ጣሪያ በላይ ከባድ እርምጃ ይሰማል፤ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይወጣል። አጎቷ ጥጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። "ዛሬ ካለፈው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው ያረፈው" ይላሉ፤ አቧራውም ጃንጥላው ላይ ይረግፋል። መጽሐፉም ታተመ። በግራው ገጽ የሰዓቱ ፊት፣ በቀኙ ክዳኑ። የሰማያዊው ሰዓት ገጽ ላይ ፎቶ አንሺው ብርሃኑን እንዴት እንደያዘው እንጃ፣ ሞገዱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ጎኑ ላይ የአጎቷ እጅ ጽሑፍ፣ ፀጉሩንና ቅንድቡን የሚለው፣ ከሠሪው ፍልፍል ሥራ እኩል ተከብሮ ተቀምጧል። አጎቷ መጽሐፉን ለሚያየው ሰው ሁሉ የሚያሳዩት ሰዓቱን ሳይሆን ያችኑ ገጽ ነው።

መጽሐፉ ግን ለሰዓት ሠሪዋ አዲስ ወጪ አመጣባት። ያነበበው ሁሉ የራሱን ሰዓት ጀርባ በወጥ ቤት ቢላዋ ፈልቅቆ፣ ክዳኑን ቦጫጭሮ፣ የተጻፈበትን ፍለጋ ጀመረ። ከዚያ የተጣመመውን ይዞ እየመጣ "ትንሽ ይዘገያል" ይላታል። እሷም ደግማ ትንፋሿን ትይዛለች።

ስለዚህ ይህን ለምታነቡት ሁሉ አንድ ልመና አላት። እባካችሁ ክዳኑን በቢላዋ አትክፈቱባት፤ ደህናውንም ሰዓት ታሟል አትበሉባት። ስለ ራሳችሁ ለመስማት ከቸኮላችሁ ሱቋ ደረጃው ሥር ነው። ጎንበስ ብላችሁ ግቡ፤ ከምታስቡት ትንሽ የበለጠ ጎንበስ በሉ፣ ጃንጥላ አለ። አጎቷ ጥጉ ላይ አሉ። ፊት ለፊት ይነግሯችኋል፤ ያውም በ‹እርስዎ›።